ከዋንጫ ወደ መለኪያ፦ የቁስቋም አረጋውያንና የመጠጥ ሥርዓታችን ታሪክ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ አጠገብ፣ ቁስቋም በሚባለው የጉለሌ ሰፈር፣ ሰንበት ጠዋት በመንገዱ ላይ ሁለት ዓይነት ሽማግሎች ይታያሉ። አንደኞቹ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከቅዳሴ የሚመለሱት ናቸው። ሁለተኞቹ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ተከናንበው፣ የአጥሩን ቆርቆሮ እየተደገፉ፣ ጎንበስ ካላሉ በማታስገባ አንዲት በር የሚገቡት ናቸው። በበሪቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። በውስጧ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠርሙስ፣ በጠርሙሱም አጠገብ ቁመቷ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ብርጭቆ አለች። የብርጭቆዋ ስም መለኪያ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ የሽማግሎች ወገኖች ሁልጊዜ የተለያዩ ሰዎች አይደሉም፤ ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ሲመለስ ያየነውን ሰው በዚህኛው ሰንበት በዝቅተኛዋ በር ሲገባ ልናየው እንችላለን።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሞክረው ጉዳይ ይህ ነው። በእድሜ የገፋው ኢትዮጵያዊ ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ ተመርቆለትና መርቆ፣ በዋንጫ ይጠጣ ከነበረበት ሥርዓት ተነሥቶ ለብቻው ቆሞ በመለኪያ ወደሚጨልጥበት ሁኔታ እንዴት ደረሰ? ስለ መጠጥ ሲወራ ወጣቱ ሲወቀስ መስማት የተለመደ ነው። አረጋውያንን ግን ወይ እናከብራቸውና ዝም እንላለን፣ ወይ እንስቅባቸዋለን።

ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጻፍኩት ተውኔት ውስጥ ሰካራም ሽማግሌ ነበረኝ። በሁለተኛው ገቢር ከዘራውን አስጥዬ፣ ኮፍያውን አዙሬ፣ ሦስት ጊዜ ከመድረክ ላይ አስወደቅሁት፤ አዳራሹም ሦስት ጊዜ በሳቅ ተናወጠ። ትርኢቱ ሲያበቃ አንድ የቁስቋም ሰው መሆናቸውን የነገሩኝ አዛውንት በመውጫው በር ጠበቁኝና፣ «ልጄ፣ መውደቁንስ በደንብ አስወደቅኸው፤ ከመውደቁ በፊት ማን እንደ ቀዳለት ግን አላሳየኸንም» አሉኝ። ይህን ተናግረው ሄዱ። እነሆ የዚህ ጽሑፍ መነሻ የእርሳቸው ጥያቄ ነው፤ ማን ቀዳለት?

ቁስቋም የሚለው ስም ራሱ ረጅም መንገድ የተጓዘ ስም ነው። በመጀመሪያ፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፣ ቅድስት ማርያም ሕፃኑን ይዛ በስደት የተቀመጠችበት የግብጽ ተራራ ስም ነበር። ከዚያም በ18ኛው ምዕተ ዓመት ብርሃን ሞገሳ የተባለችው እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር አቅራቢያ በሚገኘው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠራች፤ ቤተ ክርስቲያኑን ከመኖሪያ ቤተ መንግሥቷና ከግብር አዳራሽዋ ጋር በአንድ ቅጥር አዋቀረችው። ባሏ ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ከሞቱ በኋላ ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆና መንግሥቱን የመራችው ይህችው ምንትዋብ ናት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ በቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች አስታምሟል። ብሩስ አገሩ ተመልሶ ስለ ጎንደር ግብዣ የጻፈውን የለንደን ሰዎች ለረጅም ጊዜ ተረት ነው ብለው ዘብተውበት ነበር። የቁስቋም ስም ከጊዜ በኋላ ወደ ሸዋ መጥቶ ከእንጦጦ ሥር ሌላ ደብር፣ ሌላ ሰፈር ሆነ። በጎንደሩ ቁስቋም የግብሩ አዳራሽ ዛሬ ጣሪያ የሌለው ፍርስራሽ ነው፤ በአዲስ አበባው ቁስቋም ደግሞ የመጀመሪያውም ቢሆን አዳራሽ አልነበረም።

የግብር አዳራሽ ስንል ቃሉን ልብ እንበለው። በአማርኛችን ገባሩ ለጌታው የሚሰጠውም ግብር ነው፤ ጌታው ለጭፍራው የሚያበላውም ግብር ነው። ቋንቋው እንዲህ በአንድ ቃል የቋጠረው የአንድ ሥርዓት ሁለት ጫፍ ነበር። ንብ የሚያንበው ገባር ማሩን በግብር መልክ ያስገባል፤ ማሩ በጌታው ጓዳ ጠጅ ይሆናል፤ ጠጁ በጌታው አዳራሽ በብርሌ ይቀዳል። ማሩን ያመጣው ሰው ቤቱ ሲመለስ የሚጠጣው ጠላ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. በልብነ ድንግል ከተማ ያየውና የጻፈለት የማር ወይን፣ ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው በሠሩት ትልቅ አዳራሽ በሺህ ለሚቆጠር ሰው ይቀዳ ከነበረው ጠጅ ጋር በዘር አንድ ነው። በአዳራሹ መኳንንቱ ቀድመው ይገባሉ፤ ከእነርሱ በኋላ በየማዕረጉ ሌላው ይከተላል፤ ተራው ወደታች በወረደ መጠን የጠጁም ደረጃ አብሮ ይወርዳል። አሳላፊው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጥቂት አፍስሶ ይቀምሳል፤ መርዝ አለመኖሩን ማሳየቱ ነው። በዚያ ቤት የሚጠጣው ሰው መጠኑን ራሱ አይወስንም። ማዕረጉ ይወስንለታል።

ስለዚህ «ድሮ ልክ ነበረ» የሚሉትን ሰዎች ስንሰማ የማን ልክ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባናል። የባላባታዊው ሥርዓት ልክ የመደብ ልክ ነበር። ሆኖም ከአዳራሹ ውጭ፣ ሰፊው ሕዝብ በራሱ ጓዳና በራሱ ጉልበት ያቆመው ሌላ ልክ ነበረ፤ የኛ ትኩረት በዚህኛው ላይ ነው። የዚህ ልክ መሠረቱ ጠላ ነው።

ጠላን እናቶቻችን እንዴት እንደሚሠሩት ከተሜው አንባቢ እየረሳው ስለሄደ ጥቂት ልቆይበት። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ጥንስስ ማለት ይህ ነው። ከቀናት በኋላ የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ተፈጭቶ ይጨመርበታል። ከዚያ እህሉ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይጋገራል ወይም ተለውሶ በምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል፤ ከጥንስሱ ጋር ይደባለቅና ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውኃ ይሞላበትና አፉ ተመርጎ እንዲጠል ይተዋል። ሥራው በወቅቱ የአየር ጠባይና በባለሙያዋ ልማድ መሠረት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ውጤቱ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 2 እስከ 6 እጅ ገደማ የሆነ፣ እህልነቱ ያልጠፋ መጠጥ ነው። ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭን ጠላ ቅራሪ ይባላል፤ ለልጆችና ጉልበታቸው ለደከመ አረጋውያን የሚሰጠው እርሱ ነበር። ሐኪም ሳያዝ የተገኘ ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጠላ ይሆመጥጣል። ጋኑ አንዴ ከተከፈተ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። አንድ ሽማግሌ ምንም ቢጠማው አንድ ጋን ጠላ በሦስት ቀን ሊጨርስ አይችልም፤ ጋኑን የሚጨርሰው ሕዝብ ነው። ጠላ የጠመቀች ሴት ሰው መጥራት ግድ ይሆንባታል። በሌላ አነጋገር ጠላን ማኅበራዊ ያደረገው የጠጪው ደግነት ብቻ አይደለም፤ የመጠጡ ተፈጥሮ ራሱ ነው። ጋኑ ማኅበር ይፈልጋል፤ ማኅበሩም ቀን ይፈልጋል። ስለዚህም ጠላ የቀን መቁጠሪያ አለው። ወሩ በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም የጽዋ ማኅበር ይወጣል፤ በሰንበት ሰንበቴ አለ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚቆየው በዘመነ ጽጌ ማኅበረ ጽጌ አለ፤ ከዚህ ሌላ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር አለ። ከእነዚህ ቀናት ውጭ ያለው ዕለት የሥራ ዕለት ነው፤ በጾም ወራት ደግሞ መጠጥ እርም የሚሉ ሽማግሎች ብዙ ነበሩ።

በጽዋ ማኅበር ውስጥ የአረጋዊ ቦታ የታወቀ ነው። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ አብዛኛውን ጊዜ በእድሜ የበሰለ ሰው ነው። ጠላው ከመቀዳቱ በፊት ይመርቃል፤ የመጀመሪያው ዋንጫ ለእርሱ ወይም ለካህኑ ይቀዳል፤ ሰክሮ የሚበጠብጠውን የሚገሥጸው፣ ለሚቀጥለው ወር ጽዋውን ለተረኛው የሚያስረክበው እርሱ ነው። ሽማግሌው ይጠጣል፤ ነገር ግን ሲጠጣ ሥራ ላይ ነው። አንደበቱ ከተሳሰረ ምርቃቱ ይበላሻል። የቀዳለት የሰው ልጅ ነው፤ የቀዳበት ጋን የሁሉ ነው፤ ያየው ዓይንም ብዙ ነው። በቤቱ ለሚያበዛ ሰው ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። ቤተሰቡ ለንስሐ አባቱ ይነግራል፣ ይገዘታል፤ ወይም ወደ እንጦጦ ጸበል ወጥቶ ይምላል። የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም አሉ። በጉለሌ የሚኖረው ሙስሊም ጎረቤትም በድግሱ አይረሳም፤ ያልፈላው ብርዝ ይቀርብለታል።

ይህን ስል ያለፈውን ዘመን በወርቅ ቀለም ለመቀባት አይደለም። በተዝካር ስም ባልቴቶች በሬአቸውን እንደ ሸጡ፣ በድግስ ዕዳ ቤት እንደ ፈረሰ፣ ባል ከማኅበር ሞቅ ብሎት ተመልሶ ሚስቱን እንደ ደበደበ ማን ያጣዋል? ጋኑን የተሸከመችው፣ ማገዶውን የለቀመችው፣ ምጣዱ ላይ ዓይኗን ያጠፋችው ሴት በማኅበሩ ላይ ብዙ ጊዜ የተቀመጠችው ከበሩ ጀርባ ነው። ልክ ነበረ ስንል ሰው ሁሉ በልክ ነበረ ማለታችን አይደለም።

ጠላ እንዲህ ሆኖ ሳለ አረቄ መጣ። «አረቄ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ላብ ነው፤ ድፍድፉ በእሳት ሲፈላ እንፋሎቱ በሸምበቆ ቧንቧ አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ስለሚል ነው። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ነው፤ እንደገና ሲወጣ ዳገም ይባላል፤ የዳገም አልኮል ከመቶ 40 እጅ ሊያልፍ ይችላል። ከጠላ ጋር ሲነጻጸር ዐሥር እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ዋናው ልዩነት ግን በጥንካሬው ብቻ አይደለም። አረቄ አይሆመጥጥም። በጠርሙስ ተደፍኖ ወር ቢቀመጥ፣ ዓመት ቢቀመጥ ያው ነው። ስለዚህም ማኅበር አይፈልግም፣ ቀን አይፈልግም፣ በአንድ ጉንጭ ልክ ተከፋፍሎ ለአንድ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ጋኑ ሰውን ይሰበስብ ነበር፤ ጠርሙሱ ሰውን አንድ በአንድ ያስተናግዳል። በቁስቋሟ ዝቅተኛ በር ያየናት ብርጭቆ መለኪያ መባሏ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ስሟ ልክ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምትሞላ የሚለካ ግን የለም።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ነገር ላስታውስ። ምንትዋብ በጎንደር ቁስቋም ግብር በምታበላባቸው ዓመታት ለንደን ጂን በተባለ ርካሽ የተነጠረ መጠጥ ተጥለቅልቃ ነበር። ከገጠር ተነቅሎ ወደ ከተማ የጎረፈው ድሃ በየጓዳውና በየመንገዱ ይሸጥ የነበረውን ይህን መጠጥ ከቢራ ባነሰ ዋጋ ያገኘው ነበር። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርዝ እ.ኤ.አ. በ1751 ሁለት የኅትመት ሥዕሎች አወጣ። በአንደኛው የቢራ መንገድ ላይ ሰዎቹ ወፍረውና ደስ ብሏቸው ከሥራቸው አጠገብ ይጠጣሉ። በሁለተኛው የጂን ጎዳና ላይ እናቲቱ ሕፃኗ ከእጅዋ ሲወድቅ አታይም፤ ቤቶቹ ይፈርሳሉ፤ የሚያተርፈው አራጣ አበዳሪው ነው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ የጂን ሽያጭን የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ። ሆጋርዝ የቢራ ጠማቂዎች ወዳጅ ነበር ብለው የሚተቹት አሉ፤ የቢራው ሥዕልም ከልክ በላይ ያማረ ነው። ነገር ግን እኔ በተውኔቴ ውስጥ ያላየሁትን እርሱ አይቶታል። የወደቀውን ሰው ብቻ አልሣለም፤ ጎዳናውን ሣለው።

እስቲ የቁስቋምን ጎዳና እንሣለው። ጉለሌ ከመጀመሪያውም የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው፤ ቦታው የጎሣው ርስት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተቀመጡ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ፤ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በማገዶ እጦት ልትፈታ ደርሳ ሳለ በ1880ዎቹ የመጣው ባሕር ዛፍ አተረፋት። ባሕር ዛፉ ከተማዪቱን ሲያተርፍ ለድሃዪቱ ሴት ሁለት ሥራ ሰጣት። አንደኛው ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ ተሸክሞ ወርዶ መሸጥ ነው። ሁለተኛው በዚያው ማገዶ ጠላና አረቄ አውጥቶ መሸጥ ነው። ከባሏ ተለያይታ፣ መሬት አጥታ፣ ወይም በረሀብ ምክንያት ከገጠር የመጣች ሴት ያለ መነሻ ገንዘብ ልትከፍተው የምትችለው ቤት ጠላ ቤት ነበር። አንድ ጋን፣ ጥቂት ጣሳ፣ በደጅዋ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ፤ ይኸው ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ልጆች የተማሩት በዚያ የተደፋ ጣሳ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ የከተሙት ሸማኔዎችም የዚያ ቤት ደንበኞች ሆኑ። በደቡቡ አገር ቦርዴ ከመጠጥነቱ ይልቅ ምግብነቱ ያመዝናል፤ ሸማኔው ሲጠጣው እራት ሊሆነው ይችላል። በከተማ ግን እግሩን በጉድጓዱ ከትቶ ሲወረውር የዋለ ሰው ብርድና የወገብ ቁርጥማት ሲይዘው፣ በአነስተኛ ሳንቲም ቶሎ የሚያሞቀው አረቄ ነው።

ዘመናዊው መጠጥ በበኩሉ በሌላ በር ገባ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። በአምስቱ ዓመት የጣልያን ወረራ ቡና ቤቶች ተበራከቱ፤ ቡና የማይጠጣበትን ቤት ቡና ቤት ማለታችን እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የማሩና የእህሉ ግብር ቀረ። በሐምሌው የከተማ ቦታና የትርፍ ቤቶች አዋጅ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ደግሞ የቀበሌ መዝናኛ የሚባለው ቤት ተከፈተ። ጡረተኛው በዚያ ዳማ እየተጫወተ አንድ ቢራ ይዞ የሚያመሽበት ወንበር አገኘ። መዝናኛው የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ቢሆንም አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነበረበት። ከጊዜ በኋላ ፋብሪካዎቹ ለውጭ ኩባንያዎች ተሸጡ፤ የቢራ ዋጋ ከጡረተኛው አቅም ራቀ። አረቄ ባለበት ቆየ።

የአረጋዊው ሰውነት ከወጣቱ እንደሚለይ ዛሬ የሕክምና ትምህርት በግልጽ ያስረዳል። ሰው ሲያረጅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ውኃ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመሆኑም በሠላሳ ዓመቱ ይጠጣው የነበረው ያው መጠን በሰባ ዓመቱ በደሙ ውስጥ ይበልጥ ይጠነክራል። ጉበቱም እንደ ቀድሞው ፈጥኖ አያጣራም። የደም ግፊት፣ የስኳርና የእንቅልፍ መድኃኒት ከአረቄ ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ያባብሳል ወይም ያከሽፋል። ወጣት ቢወድቅ ይነሣል፤ የአዛውንት ዳሌ ግን ከተሰበረ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አልጋ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ምግብ ሳይበሉ ለረጅም ዘመን አብዝቶ በመጠጣት ቫይታሚን ቢ አንድ የተባለው ንጥረ ነገር ሲጓደል የሚመጣ የአእምሮ ሕመም አለ፤ የሩሲያው ሐኪም ሰርጌ ኮርሳኮፍ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የመረመረውና በስሙ የሚጠራው ነው። በሽተኛው የድሮውን እያስታወሰ የትናንቱን ይረሳል፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ ሳያውቀው በፈጠራ ታሪክ ይሞላዋል፤ የሚዋሽ አይመስለውም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደነገጥሁ። በተውኔቴ ውስጥ ሽማግሌዬን ያልነበረበትን ጦር ሜዳ ሲተርክ አስቄበት ነበርና።

ባለፈው ጥቅምት ወደ ቁስቋም ወጥቼ አንዲት አረቄ የሚያወጡ እናት ዘንድ ተቀመጥሁ። እድሜአቸው ሰባን ያለፈ ነው። በርሜሉ ሥር የባሕር ዛፍ ጭራሮ ይነድዳል፤ ጭሱ ግድግዳውን አጥቁሮታል። «እማማ፣ እርስዎስ ይጠጣሉ?» አልኋቸው። ሳቁና፣ «ሳልቀምስ ማን ይገዛኛል፤ ልጄ? ለደንበኛ ከመስጠትህ በፊት ትቀምሳለህ» አሉኝ። በምኒልክ አዳራሽ ጠጅ አሳላፊው በመዳፉ የሚቀምሰው ልማድ ትዝ አለኝ። እርሱ በቀን ስንት ጊዜ ይቀምስ እንደ ነበረ አላውቅም፤ እኚህ እናት ግን ሠላሳ ዓመት ቀምሰዋል። «ለጉንፋን» በነጭ ሽንኩርት፣ «ለሆድ» በጤና አዳም፣ «ለእንቅልፍ» ብቻውን። የአዛውንት ሴት መጠጥ በመድኃኒት ስም ስለሚጠራ ማንም አይቆጥረውም፤ ጎረቤትም፣ ልጅም፣ ሐኪምም አይጠይቅም። የሰካራም ሽማግሌ ቀልድ ብዙ ነው፤ የአሮጊቲቱ ግን ቀልድ እንኳ የለውም።

ስለ ደንበኞቻቸው ጠየቅኋቸው። ጡረተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ዓይናቸው ደክሞ መወርወሪያውን የተዉ ሸማኔዎች እንደሆኑ ነገሩኝ። «ጠዋት የሚመጡት እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸው ናቸው፤ አንዷን ሲጠጡ ያቆማል» አሉ። እጅ የሚያንቀጠቅጠው ራሱ አረቄው መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አውቃለሁ እንጂ። እነርሱም ያውቃሉ» ብለው እሳቱን ቆሰቆሱ። እንዲህ ለደረሰ ሰው በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደገኛ ነው፤ ያለ ሐኪም ክትትል መቃዠትና መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። በአዲስ አበባ አማኑኤልን የመሰሉ ሆስፒታሎች ለዚህ ሕክምና ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ከእኚያ እናት ደንበኞች መካከል አረቄን በሽታ ነው ብሎ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው እንዳላዩ ነገሩኝ። ጸበል የሄዱ ግን አሉ።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ እድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም እንዳይሸጥ ተከልክሏል። መልካም ነው፤ ነገር ግን የሕጉ ዓይን በወጣቱና በፋብሪካው ላይ ነው። አረቄ ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም። የዓለም የጤና ድርጅት «ያልተመዘገበ» የሚለው መጠጥ ነውና በሒሳብ መዝገብም የለም፤ ታክስም አይነካው። ደግሞም አሮጌዪቱን ሴት በርሜሏን ቀምተን የምናስገባት ሌላ ሥራ ካላዘጋጀን ከልክለናል ማለት አንችልም። ነገሩን በመከልከል ብቻ የሚያስቡ ጓዶች ካሉ፣ ከመከልከላቸው በፊት አንድ ጠዋት እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢቀመጡ እመክራለሁ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጋኑ ነገር ነው። ከአሮጌ ሰፈር ተነሥቶ በጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የገባ ሽማግሌ ጋን የሚያኖርበት፣ እንኩሮ የሚያምስበት ጓዳ የለውም። ማኅበርተኛው በአራት ማዕዘን ተበትኗል። በቀሩትም ሰፈሮች ሞት ማኅበሩን ያሳሳዋል፤ ልጆቹ የአባታቸውን ጽዋ ለመውሰድ ጊዜ የላቸውም። ጋኑ ያው ነው፤ የሚጨርሰው ሰው አነሰ። ጠላው ይሆመጥጥና ይደፋል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚጠምቅ የለም። ያ ሽማግሌ ግን የለመደው ሰዓት ሲደርስ ይነሣል፣ ጋቢውን ይለብሳል፣ ይወጣል። መሄጃው የት ነው?

በመውጫው በር የጠበቁኝን አዛውንት በኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ አገኘኋቸው። አስታወሱኝ። የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ መሆናቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ዐሥራ ሁለት ሆነው እንደ ጀመሩት፣ አሁን አራት እንደ ቀሩ፣ ከአራቱም አንዱ መነሣት እንደማይችሉ ነገሩኝ። «ታዲያ አባባ፣ የዘንድሮን ጽዋ ማን ያወጣል?» አልኋቸው። እርሳቸው ተረኛ ነበሩ። ጋኑን ለመሙላት እህሉም፣ ጠጪውም ስለማይበቃ ልጃቸው ከገበያ ሃያ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ገዝታ በዚያ እንደ ጠነሰሰች አጫወቱኝ። «በባልዲም ይጠልላል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ገና አልቀመስነውም፤ ና፣ እንቀምሰዋለን» አሉኝና በከዘራቸው መንገዱን አሳዩኝ። በዝቅተኛዋ በር ፊት ለፊት አለፍን። አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው ቆም አሉ፣ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ አንደኛውን ሰውዬ በስሙ ጠሩት።